የሸራው ጀርባ

ይህን የምጽፈው የማይገባኝ ምስጋና ስለ ተሰጠኝ ነው። ባለፈው ወር እዚህ አትላንታ ውስጥ አንድ አርመናዊ ሠዓሊ ቀበርን። ከቀብር መልስ በአዳራሹ ንግግር ያደረጉት ሰው ስሜን ጠሩና፣ «የሙሴ ቫሃንን ሥዕሎች ከጥፋት ያዳነው ይህ ወጣት ነው» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ወር ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአገር ከመውጣቴ በፊት የአንድ ቤተ መጻሕፍት መዝጋቢ ነበርኩ፤ ሥራዬ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ደራሲ፣ ርእስና የታተመበት ዓመት በካርድ ላይ በትክክል መስፈሩን ማረጋገጥ ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስምና ርእስ የሌለው መጽሐፍ ሲያጋጥመን ከጠረጴዛው ሥር በሚገኝ ሣጥን ውስጥ እናኖረው ነበር። ሣጥኑ ሲሞላ መጻሕፍቱ የት እንደሚሄዱ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በሱዳን በኩል አትላንታ ከደረስኩ በኋላ መሀል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቆርጥ ነበር። መኪና በማይመጣበት ሰዓት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኳቸውን መጻሕፍት አነባለሁ። በዚያን ዘመን የያዝኩት የሥዕል ጥበብን ታሪክ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ታደሰ «ፕሮፌሰር» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ቀልድ መሆኑን ባውቅም አልጠላሁትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወፍራም ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ የመኪናቸውን መስኮት ዝቅ አድርገው በጠራ አማርኛ፣ «አንተ ልጅ፣ ገጹን እስክትጨርስ ልጠብቅ ወይስ ልግባ?» አሉኝ። ደንግጬ ተነሣሁ።

«ቁጭ በል፣ ሹም አይደለሁም። ቫሃን እባላለሁ። አገር ቤት ሙሴ ቫሃን ነበር የሚሉኝ፤ አንተም እንደዚያው በለኝ። እዚህ ሚስተር ሲሉኝ ሌላ ሰው የጠሩ ይመስለኛል።»

አዲስ አበባ የተወለዱ የአርመን ጫማ ሠሪ ልጅ ነበሩ። የአባታቸው ሱቅ በአብዮቱ ጊዜ ተወረሰ፤ ባለቤታቸው እዚህ ከመጡ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ኑሯቸውን የሚገፉት ለሆቴሎችና ለሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍሎች ሥዕል እየሠሩ በመሸጥ ነበር። ለራሳቸው የሚሥሉትን ግን አይሸጡም፤ ለማንም አያሳዩምም። ከከተማው ዳር፣ አቮንዴል እስቴትስ ከተባለው ሰፈር አጠገብ በሚገኝ አሮጌ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር የሚሠሩት።

እሑድ እሑድ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል አልተቋረጠም። እሳቸው ይሥላሉ፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ለሠዓሊ ስለ ሠዓሊዎች አነብለት ነበር ማለት ነው። አንዳንዴ ከመጽሐፌ ባሻገር ብሩሽ በደረቅ ሸራ ላይ ደጋግሞ ሲጠረግ እሰማለሁ። ከዚያ ድምፅ በኋላ ሁልጊዜ «ጨረስኩ» ይላሉ። እኔም ቀና ሳልል «እንኳን ደስ ያለዎት» እልና ወደሚቀጥለው አንቀጽ እሄዳለሁ። የጨረሱትን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቆሙታል። «አንድ ዓመት ሳላየው ይቆይ። ከዓመት በኋላ ካላሳፈረኝ የኔ ነው» ይሉ ነበር።

በዚያ የብርድ ወቅት ሁለት ነገር በአንድ ላይ መጣ። እዚያው አቅራቢያ፣ ዲኬተር ውስጥ ትንሽ የሥዕል ማሳያ ያላት ሴት፣ በሚያዝያ ወር ክፍሉን በሙሉ እንደምትለቅላቸው ቃል ገባች። በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው የራሳቸውን ሥዕል ለሰው ሲያሳዩ ያ የመጀመሪያቸው ሊሆን ነበር። በዚያው ሰሞን ሐኪሞች ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ አገኙና ኦፕራሲዮን ይደረጉ ተባለ። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት የምድር ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ።

«ለሚያዝያ የማቀርበው እዚያ ውስጥ ነው» አሉ። «ሌላ የለኝም። ስወጣ አብረን እናዞራቸዋለን። ያን ቀን ግን እባክህን መጽሐፍህን ቤት ትተህ ና።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ኦፕራሲዮኑ ሰኞ ጠዋት ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ይህ ከተማ ያልለመደው ብርድ ወረደ፤ ውጭ የቆመ ውኃ ሁሉ ድንጋይ ሆነ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የሕንፃው ኃላፊ ሚስ ሎሬታ ነበረች።

«የሽማግሌው ሰው ነህ አይደል? የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቷል። ውኃው እየወረደ ያለው በእሳቸው ክፍል ኮርኒስ በኩል ነው። ቶሎ ካልመጣህ የምታገኘው ነገር አይኖርም።»

ሆስፒታል ብደውል «ገብተዋል፤ እስከ ማታ ማንንም አያነጋግሩም» አሉኝ። ታደሰን ቀሰቀስኩት። ከሌሊት ሥራ ተመልሶ ገና ዓይኑን መክደኑ ነበር።

«ማን ሞተ?» አለ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ።

«የሙሴ ቫሃን ሥዕሎች በውኃ ሊበላሹ ነው። መኪናህ ያስፈልገኛል።»

«በዚህ አይስ ላይ ድራይቭ ላድርግ? አብደሃል እንዴ?» አለና ሱሪውን መፈለግ ጀመረ።

መንገዱ በበረዶ መስታወት ሆኖ ነበር። አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ሄድንበት። ደረጃውን ወርደን በሩን ስከፍት በመጀመሪያ የሰማሁት ውኃው ሲወርድ ነው፤ በክፍሉ አራት ቦታ ላይ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ኮርኒሱ ከመሀሉ እንደ ከረጢት ተነፍቷል። ወለሉ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም ውኃ ይዟል። መብራት ጠፍቷል። ሥዕሎቹ በሦስት ግድግዳ ላይ ተደግፈው፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። እንደ ልማዴ ቆጠርኳቸው፦ አርባ ዘጠኝ።

ሚስ ሎሬታ ከደረጃው ላይ ባትሪ እያበራችልን፣ «እስከ እኩለ ቀን ባዶ አድርጉልኝ። ሠራተኞች ውኃውን ሊስቡ ይመጣሉ፤ ኮርኒሱን ራሳቸው ያፈርሱታል» አለች። «የማትወስዱትን ከኋላ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ክተቱት።»

«ሁሉም መኪናው ውስጥ አይገባም» አለ ታደሰ። «ሁለት ትሪፕ፣ ምናልባት ሦስት።»

«አስቀድመን እንለያቸው» አልኩ።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። በባትሪው ብርሃን የሸራዎቹን ጀርባ ተመለከትኩ። ሁለት ዓይነት ነበሩ። አሥራ ስምንቱ ንጹሕ ናቸው፤ በጀርባቸው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ስም፣ ርእስና ዓመት ሰፍሯል። ሠላሳ አንዱ ምንም ጽሑፍ የለባቸውም፤ በምትኩ ብሩሽ ተጠርጎባቸዋል። ቀይ፣ ብርቱካን፣ ሐምራዊ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ ስሙን የማላውቀው አረንጓዴ፣ አንዱ ከሌላው ሥር እየተጋደመ የሸራውን ጀርባ አዥጎርጉሮታል። ለአንድ መዝጋቢ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። ስም ያለው የተፈጸመ ሥራ ነው፤ ብሩሽ የተጠረገበት ደግሞ የተጣለ ሸራ ነው። ሠዓሊዎች ያልተሳካላቸውን ሸራ እንደ መጥረጊያ እንደሚጠቀሙበት አንብቤም ነበር።

«ስም ያለባቸውን ብቻ» አልኩት።

ታደሰ የመጀመሪያዎቹን አምስት ተሸክሞ ወጣና መኪናው ውስጥ ሲያስቀምጥ ፊታቸውን አየ። ተመልሶ መጣ።

«ስማ ፕሮፌሰር፣ እነዚህ የኮክ አበባና ተራራ ናቸው እኮ። የባንክ ካላንደር ላይ ያለው ዓይነት።»

«ጨዋ ሥራዎች ናቸው። አውጣ።»

አሥራ ስምንቱን ጨረስን። መኪናው እስከ ጣሪያው ሞላ። እኔ ልብሴን ስጨምቅ ታደሰ ከቀሩት አንዱን ከግድግዳው አላቅቆ ወደ ደረጃው ብርሃን አዞረው። ሣጥን ላይ የተቀመጠች ሴት ነበረች፤ ፊቷ ሰማያዊ፣ እጆቿ ቢጫ፣ ከበስተኋላዋ ያለው ግድግዳ የሚነድ ብርቱካን። ታደሰ አስቀመጣትና ሁለተኛውን አዞረ። የጫማ ሠሪ መደርደሪያ ነው፤ በእንጨት የተሠሩ የእግር ቅርጾች ተደርድረዋል፤ ቀለማቸው የሚመሳሰል ሁለት የለም።

«ይቺ ቆንጆ ናት» አለ። «እኔ ሥዕል አላውቅም፤ ግን ይቺ… ዓይኔን አልነቅል አለች።»

«ያልተጨረሰ ነው። ጀርባውን አታይም?»

ሦስተኛውን አዞረና ሳቁን ለቀቀው። «ና! ና እይ! አንተ ነህ!»

ቀረብኩ። ሰፊ፣ ሐምራዊ አስፋልት ያለበት የመኪና ማቆሚያ ነበር። በአንድ ጥግ ትንሽ የመስታወት ቤት፤ በውስጧ መጽሐፍ ላይ ያጎነበሰ ሰው። መጽሐፉ ነጭ ሆኖ ያበራል። የሰውየው ፊት ግን አልተሣለም፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ በአንድ ቡናማ ምት ብቻ ታልፏል።

እውነቱን ልናገር። ያ ሥዕል አናደደኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑዴን ሰጥቼ፣ ያ ነበርኩ?

«ፊት የለውም» አልኩ። «ንድፍ ነው። ይህ ሁሉ ንድፍ ነው።»

ታደሰ ሳቁን አቆመ። «ይሁን፣ ንድፍም ቢሆን እንውሰዳቸው። ይህንን ቤት አድርሰን እንመለስ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅብን ነው። እንቅልፌ እንደሆነ ሄዷል።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ።»

«ደውለህ ኦፍ ውሰድ! በዚህ አይስ ማን መኪና ያቆማል?»

«ታደሰ፣ የት እናኖራቸዋለን? ሦስት ሰው በሚያድርበት ክፍል? እሳቸው የተጠየፉትን ነገር፣ በውኃ ርሶ፣ ሸትቶ…»

«እኔ አልጋዬን አቆማለሁ፤ ከሥሩ ይገባሉ።»

«የማውቀው እኔ ነኝ» አልኩት።

ቃሉ እንዲህ ነበር። ታደሰ ትከሻውን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ሥዕሎቹ ከታች ጫፋቸው ርሰው ነበር እንጂ አልተበላሹም፤ ይህን በኋላ ሳስበው ነው የተረዳሁት። የሴትዮዋን ሥዕል ሳነሣው የእጆቿ ቢጫ እንደ ነበረ ነበር።

ሚስ ሎሬታ ከላይ ሆና፣ «የቀሩትንስ? ትፈልጓቸዋላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«አንፈልጋቸውም። ብሩሽ መጥረጊያ ናቸው።»

ሠላሳ አንዱንም ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ታደሰ አላገዘኝም፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አሙቆ ተቀመጠ። አንድ በአንድ ወደ ብረቱ ገንዳ ስከታቸው፣ ጥንቁቅ ሰው ነኝና በሥርዓት ደረደርኳቸው። ፊታቸው ወደ ታች ነበር። ከላይ የሚታየው የተጠረገው ቀለም ብቻ ነው፤ በዚያ ግራጫ ቀን ከገንዳው ውስጥ ያ ሁሉ ቀለም ወደ ላይ ያየኝ ነበር። ከዚያም ሠራተኞቹ ያፈረሱት ኮርኒስ ከላያቸው ፈሰሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ ገባሁ። እስከ ማታ የመጡት መኪኖች አራት ነበሩ።

ሐሙስ ጠያቂ ይገባላቸዋል ተባለ። ጸጉሬን ተስተካክዬ ሄድኩ። ሙሴ ቫሃን ቢጫ ሆነው፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተኝተዋል። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ ብርዱን፣ ቧንቧውን፣ የመንገዱን በረዶ። በመጨረሻም «አይጨነቁ፤ አድኛቸዋለሁ» አልኩ።

እጄን ያዙኝ። «ስንቱን?»

«አሥራ ስምንቱን። ስምዎ ያለባቸውን በሙሉ።»

እጄን አልለቀቁም። «ጀርባቸው ላይ ቀለም ያለባቸውስ?»

«እነዚያን… ብሩሽ የጠረጉባቸውን… ቦታ አልነበረንም።»

«የት ናቸው?»

«ተጥለዋል።»

«ማን ጣላቸው?»

«እኔ።»

በዚህ ጊዜ ነርሷ ገብታ ሙቀት መለኪያውን ምላሳቸው ሥር አስገባች። እንደ ታዘዘ ልጅ አፋቸውን ገጥመው ኮርኒሱን አዩ። ያ መለኪያ እስኪወጣ ድረስ የጠበቅሁትን ያህል በሕይወቴ ጠብቄ አላውቅም።

ነርሷ ስትወጣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ። «አባቴ የሚወደውን ጫማ ሲጨርስ ስሙን አያትምበትም ነበር። የቀለሙን ብሩሽ ከጫማው ምላስ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ ይጠርገዋል። ለአንዱ የተበጠበጠ ቀለም ወደ ሌላው አይሄድም፤ የእሱ ነው ይል ነበር። እኔም ካባቴ የወረስኩት ይህንኑ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ብሩሼን ጀርባው ላይ እጠርጋለሁ። አጠገቤ ተቀምጠህ ነው እኮ የጠረግሁት! ድምፁን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ስም የምጽፈው ለሚሸጠው ነው። ገዢ ስም ይወዳል። አንተ ያወጣሃቸውን አንድ ሆቴል አልፈልግም ብሎ የመለሰልኝ ናቸው።» መሳቅ ጀመሩ፤ ስፌቱ ሲያማቸው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የሆቴሉን ግድግዳ አዳንክልኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ከመካከላቸው አንዱ አንተ ነበርክ። አየኸው?»

«አየሁት።»

«እና?»

«ፊት… ፊት አልነበረውም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቀና ብለህ አላየኸኝም» አሉ። «ከየት አምጥቼ ልሣለው?»

ከሆስፒታሉ ወጥቼ በአውቶቡስም በእግርም ወደ ሕንፃው ሮጥኩ። ብርዱ ተሰብሮ በረዶው ቀልጧል። ገንዳው ባዶ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት መኪናው መጥቶ እንደ ወሰደው ሚስ ሎሬታ ነገረችኝ። ቆሻሻው የሚፈስበትን ቦታ ጠይቄ በማግሥቱ ከታደሰ ጋር ሄድን። ሰፊ ኮረብታ ነው፤ ትራክተሮች ከላዩ አፈር ይገፉበታል። ጠባቂው አላስገባንም። ታደሰ በመንገዳችን ሁሉ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር፤ አንዲትም ቀን «ነግሬህ ነበር» ብሎኝ አያውቅም።

በሚያዝያ ትርኢቱ ተከፈተ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት እኔ ያዳንኳቸው አሥራ ስምንቱ ናቸው። ሙሴ ቫሃን ሰፍቷቸው በተንጠለጠለ ሙሉ ልብስ በሩ አጠገብ ቆመው እንግዳ ተቀበሉ። ሰዎች የኮኩን አበባ እያዩ «እንዴት ያለ ቀለም ነው!» ሲሉ «አመሰግናለሁ» ይላሉ። ከዚያም እኔን በክንዴ ይዘው ወደ መሀል አወጡኝና፣ «እነዚህን ከውኃ ያወጣልኝ ይህ ልጅ ነው» ብለው ለሰዉ ሁሉ አስተዋወቁኝ። ዛሬ ሰው የሚያወራው ታሪክ የተጀመረው በእሳቸው አፍ ነው። ይህን ያሉት ከሐፍረት ሊያድኑኝ ይሁን ሊቀጡኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ሥዕል አልሠሩም። እሑድ እሑድ መሄዴን አላቋረጥኩም። መጽሐፍ ሳልይዝ እሄድና ፊት ለፊታቸው እቀመጥ ነበር። ፊታቸውን አጥንቻለሁ፤ የግራ ቅንድባቸው ከቀኙ ከፍ ይላል፤ ሲሰሙ ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። አንድ ቀን «አሁን ቀና አልክ» አሉኝ። ብሩሾቻቸው ግን በዚያው ሰኞ ከውኃው ጋር ሄደዋል፤ ሌላም አልገዙም።

አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ማንበቤን ትቼ እንደ ሆነ ትጠይቀኝ ይሆናል። አልተውኩም። ነገር ግን በመጻሕፍት የተማርኩት ሁሉ በዚያ ጠዋት ከታደሰ እንቅልፍ የጎደለው ዓይን አንሶ መገኘቱን አልረሳም። ጥፋቴ አለማወቅ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብዙ ሞክሬአለሁ። አይደለም። ሥዕሎቹ ዞረውልኝ ሦስቱን አይቻለሁ፤ ዓይኔም አይቷቸው ነበር። አንዱ ደስ የማይል ነገር ስለ ነገረኝ ሠላሳ አንዱን ጣልኩ። በቀብሩ ቀን የተጨበጨበልኝ ለዚህ ነው።

መዝጋቢ ነበርኩና መዝገቡን እዘጋለሁ።

የጠፉ ሥዕሎች፦ ሠላሳ አንድ።

ፊታቸውን ያየሁት፦ ሦስት።

ከሠሯቸው ሰው በቀር ማንም ሳያያቸው የቀሩ፦ ሃያ ስምንት።